ከዐይን የተለየ እጅ

ሰው ለሠራው ሥራ ኀላፊ መሆኑን የማይቀበል ሕዝብ በዓለም ላይ የለም። አባቶቻችንም ይህን ሐሳብ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾኽ ላጣሪው» ብለው በአጭር ቃል ደምድመውታል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ሠሪው ማን ነው? የሚል ነው። አንድ ሰው ሌላውን በጎራዴ ቢመታው ሠሪውን ለይቶ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም። እጁ የመታውን ዐይኑ አይቶታል፤ ጩኸቱንም ጆሮው ሰምቶታል። ዳሩ ግን ሥራው ለአምስት ሰዎች ተከፍሎ አንደኛው የሚያይ ነገር ግን የማይመታ፣ ሁለተኛው የሚያነጣጥር ነገር ግን የማያይ፣ ሦስተኛው ጥይቱን የሚለቅ፣ አራተኛው የሚያዝ፣ አምስተኛውም መሣሪያውን ሠርቶ የሸጠ ቢሆን፣ እሾኹ የሚወጋው የትኛውን ነው?

ይህን ጥያቄ በደፈናው ከመመርመር ይልቅ በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ላይ አሳርፎ መመልከቱ ይሻላል። ለምሳሌነት የመረጥሁትም የእግረኛ ጦር የሚይዘውን ትንሹን ሞርታር ነው። ከጦር መሣሪያዎች ሁሉ ብርቱው እርሱ አይደለም፤ አይሮፕላንና ታላላቅ መድፎች ከእርሱ እጅግ የበለጠ ያጠፋሉ። ነገር ግን የማያዩትን ሰው የመምታትን ችሎታ ከነገሥታት ግምጃ ቤት አውጥቶ በአንድ ተራ ወታደር ትከሻ ላይ ያሸከመ መሣሪያ ቢኖር ይህ አጭር ቱቦ ነው። ታሪኩን በጥቂቱ ከተመለከትን በኋላ ወደ ጥያቄያችን እንመለሳለን። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሞርታር በቀድሞው አማርኛ አዳፍኔ ይባላል። ጠመንጃና ረጅም መድፍ ጥይታቸውን ፊት ለፊት ሲሰዱ፣ አዳፍኔ ግን አፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ ይተኵሳል፤ ጥይቱም ከፍ ብሎ ከወጣ በኋላ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ግንብ የከለለውን ወይም ኰረብታ የጋረደውን ሰው ሊመታ ይችላል። መሣሪያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መሣሪያ አዳፍኔ ነበር። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ስለ ነበረ፣ ተራራው እየተቈረጠ፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ በመቶ በሚቈጠሩ ሰዎች ጕልበት ተጎትቶ በ1868 መቅደላ ደረሰ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ባለቤቱን አይደብቅም። ያሠራውም፣ ያስጎተተውም፣ ቢተኰስ ደሙ የሚጠየቀውም ማን እንደ ሆነ አገር ሁሉ ያውቅ ነበር። አዳፍኔው ክብደቱ እየቀነሰ በሄደ መጠን ግን ባለቤቱም እየተሰወረ ሄደ።

አዳፍኔን አቅልለው በጥቂት ሰዎች እጅ እንዲያዝ ካደረጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሆላንድ መሐንዲስ ሜኖ ቫን ኩሆርን ነው። በስሙ የተጠራው ትንሽ አዳፍኔ በምሽግ ጦርነት ብዙ ዘመን ሲያገለግል ኖሮ ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳይቀር ተሠርቶበታል። የዛሬው ሞርታር አባት ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1914 መጨረሻ የሁለቱ ወገን ወታደሮች በፈረንሳይና በቤልጅግ ምድር ጕድጓድ ቈፍረው ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ከምሽጉ ራሱን ብቅ ያደረገ በጠመንጃ ይመታል፤ በጕድጓዱ ውስጥ የተቀመጠውን ግን ጠመንጃ አያገኘውም። ጀርመኖች ለዚህ የሚሆን የምሽግ ሞርታር አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። እንግሊዞች ግን ስላልነበራቸው ወታደሮቻቸው በባዶ የማርማላታ ጣሳ ውስጥ ፈንጂ እየሞሉ እስከ መወርወር ደርሰው ነበር።

በ1915 መጀመሪያ ዊልፍሬድ ስቶክስ የተባለ መሐንዲስ ለዚህ ችግር መላ አገኘ። ስቶክስ ወታደር አልነበረም፤ በኢፕስዊች ከተማ የዕቃ ማንሻ ክሬን የሚሠራ ፋብሪካ የሚመራ ሰው ነበር። ያቀረበውም መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። ውስጡ ልሙጥ የሆነ አንድ ቱቦ፣ ከሥሩ የሚያርፍበት የብረት ሰሌዳ፣ በፊቱ የሚደግፉት ሁለት እግሮች፣ ይኸው ነው። ከቱቦው ግርጌ አንዲት መርፌ ተተክላለች። ቦምቡን ከቱቦው አፍ ሲለቁት በገዛ ክብደቱ ወርዶ መርፌዋን ይመታል፤ በጅራቱ ያለው ባሩድም ተቀጣጥሎ መልሶ ወደ ሰማይ ያስፈነጥረዋል። ምላጭ መሳብ እንኳ አያስፈልግም፤ መልቀቅ ብቻ ይበቃል። የእንግሊዝ ጦር መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ በግምጃ ቤት ያለው ጥይት ስለማይስማማው አልቀበለውም አለ። በኋላ ግን ሎይድ ጆርጅ ስለ ደገፈው በብዙ ሺሕ ተሠርቶ ወደ ጦሩ ሜዳ ተላከ፤ ስቶክስም በ1917 የማዕርግ ስም ተሰጠው።

ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያውን ያሻሻለው ፈረንሳዊው ኤድጋር ብራንት ነው። ብራንት ብረት እየቀጠቀጠ አበባና ሐረግ የሚያወጣ፣ ስለ ጥበቡም በፓሪስ እጅግ የተከበረ ባለሙያ ነበር። በፓሪስ በድል በር ሥር፣ በማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ ከ1923 ጀምሮ የማይጠፋው እሳት የሚነድበትን የነሐስ ሥራ የሠራው እርሱ ነው። ይኸው ሰው ለሞርታሩ ቦምብ በጅራቱ ክንፍ አበጅቶለት በአየር ላይ ሳይገለባበጥ ወደ ዒላማው እንዲሄድ አደረገ፤ በ1935ም ባለ 60 ሚሊ ሜትሩን ቀላል ሞርታር አወጣ። ለማይታወቀው ሟች መብራት ያቆመ እጅ የማይታወቁ ሟቾችን የሚያበዛ መሣሪያ ሠራ ማለት ነው። ይህን የምለው ብራንትን ለመንቀፍ አይደለም፤ አገሩ በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ደረሰባት መከራ የሚያስብ ሰው ነገሩን በቀላሉ አይፈርድበትም። ነገር ግን ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ መዶሻ ሲወጡ አለመጋጨታቸው የሚያስገርም ነው። አንደኛውን ሥራ ሕዝቡ በየቀኑ ያየዋል፤ የሁለተኛው ፍሬ ግን የሚታየው ከኰረብታ ወዲያ ነው።

አሜሪካኖች የብራንትን ንድፍ በፈቃድ ወስደው ኤም ሁለት የሚባለውን ሞርታር ሠሩ። ክብደቱ 19 ኪሎ ያህል፣ የሚደርስበትም ርቀት 1800 ሜትር ያህል ነበር፤ ለእያንዳንዱ የእግረኛ ሻምበልም ሦስት ሦስት ይመደብ ነበር። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ በአሜሪካን መሣሪያ ተዋግቷል። ኮሪያ ተራራማ አገር ስለ ሆነች፣ ይልቁንም ጦርነቱ እየቈየ በምሽግ ውስጥ ስለ ተወሰነ፣ ሞርታር በሁለቱም ወገን ዋና መሣሪያ ሆነ። በዚያ ዘመቻ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ከኰረብታ ወዲያ የሚመጣ ጥይት ምን እንደ ሆነ የቃኘው ወታደሮች በሁለት ፊት ዐውቀውታል፤ ከእነርሱ ዘንድ ሲነሣም፣ በእነርሱ ላይ ሲወርድም።

እንግዲህ የሥራውን አከፋፈል እንመልከት። ተመልካቹ በኰረብታው ጫፍ ተኝቶ በመነጽር ያያል፤ ያየውንም በስልክ ወይም በሬዲዮ ይናገራል። አነጣጣሪው ከኰረብታው ሥር ስለሚሆን ጠላቱን ከቶ አያየውም፤ በመነጽሩ የሚመለከተው ከፊቱ የተተከለችውን ቀለም የተቀባች እንጨት ብቻ ነው። አጕራሹ ቦምቡን ከቱቦው አፍ ላይ ይለቃል። ማጕረስ በማዕድ ዙሪያ የፍቅር ቃል ነው፤ በዚህ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። አዛዡ ደግሞ ስንት ጥይት እንደሚተኰስ ይወስናል።

እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ ብንጠይቃቸው ሁሉም እውነቱን ይነግረናል። ተመልካቹ፣ እኔ ርቀቱን ብቻ ተናገርሁ፤ ይላል። አነጣጣሪው፣ እኔ ያነጣጠርሁት በእንጨቷ ላይ ነው፤ ይላል። አጕራሹ፣ እኔ የተሰጠኝን ለቀቅሁ፤ ይላል። አዛዡ፣ ከበላይ ታዘዝሁ፤ ይላል። ሠሪውም፣ እኔ ብረት ሸጥሁ፤ ይላል። ከእነዚህ ቃሎች አንዱ እንኳ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አምስቱን እውነቶች ብንደምር ከኰረብታው ወዲያ ስለ ወደቀው ሰው የሚናገር አንድ ቃል አናገኝም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ መረዳዳት ነው፤ እውነትም ነው። ሆኖም በጎው ሥራ እንደሚከፋፈል ሁሉ ክፉውም ይከፋፈላል፤ በተከፋፈለም ጊዜ ለያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ድርሻ ሸክምነቱ አይታወቅም። በተቀባዩ ዘንድ ግን አልተከፋፈለም። ጥይቱ የሚወርድበት ሰው የሚሞተው አንድ አምስተኛ ሞት አይደለም።

ደግሞም «የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። የጥንቱ ሰው የወጋውን የሚረሳው አስቀድሞ ዐውቆት ነው። ሞርታር ተኳሹ ግን ሊረሳ እንኳ አይችልም፤ ያላወቁትን መርሳት የለምና።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ነገር በዚሁ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጃፓኖች በ1929 ባለ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ እጅግ ትንሽ ሞርታር አወጡ። ክብደቱ 5 ኪሎ ስለማይሞላ አንድ ወታደር ብቻውን ይሸከመው ነበር። መቀመጫው እንደ ቅስት የጐበጠ በመሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማረኩት የአሜሪካ ወታደሮች በጉልበት ላይ የሚደገፍ መስሏቸው የጉልበት ሞርታር አሉት። እንደሚነገረውም አንዳንዶቹ ስሙን አምነው በጭናቸው ላይ አስደግፈው ቢተኵሱ አጥንታቸው ተሰበረ። ነገሩ የታወቀ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ቦምቡን ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥረው ኀይል በዚያው ልክ ቱቦውን ወደ ታች ይገፋዋል። በሌላ ጊዜ ተኳሹ ይህን ግፊት የማይሰማው ግፊቱ ስለሌለ አይደለም፤ በብረት ሰሌዳው በኩል መሬት ስለምትቀበልለት ነው። የሕሊናም ነገር እንዲሁ ነው። በሩቅ የሚደረግ ሥራ ግፊት የለውም ማለት አይቻልም፤ በእኛና በግፊቱ መካከል ሰሌዳ ገብቷል ማለት ብቻ ነው። ሰሌዳውም ትእዛዝ፣ ደንብ፣ ማዕርግ፣ የሥራ ክፍፍል ይባላል።

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፦ አገሩን የሚጠብቅ ወታደር የሚመታውን ሰው ሁሉ ፊቱን አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ስለ ልጆቹም ተጨንቆ መተኰስ አለበት ከተባለ አገር ያለ ጠባቂ ትቀራለች። ይህ እውነት ነው። የመከላከል ጦርነት ካለ በሩቅ መምታትም ይኖራል፤ ወታደሩም ከኰረብታ ሥር በመሆኑ ብቻ በደለኛ አይሆንም። ሁለተኛውም መቃወሚያ ከዚህ ይጠነክራል፦ ማየት ራሱ ሰውን አይመልሰውም። በ1994 በሩዋንዳ የተፈጀው ሕዝብ አብዛኛው የተገደለው በሩቅ መሣሪያ አይደለም፤ በገጀራና በዱላ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሚያውቁት ጎረቤት እጅ ነበር። ከ2022 ጀምሮ በዩክሬን ጦርነት እንደ ታየውም፣ ድሮን የሚባለው ትንሽ ሰው አልባ አይሮፕላን ከላይ እያንዣበበ የሞርታሩን ዒላማ ለተኳሾቹ በመስተዋት ላይ ያሳያቸዋል። ዐይንና እጅ እንደ ገና ተገናኝተዋል፤ ነገር ግን ርኅራኄ በዚሁ ምክንያት አልጨመረም።

እነዚህን መቃወሚያዎች ተቀብለን ስንመረምራቸው ጥያቄያችንን ያጠሩልናል እንጂ አያፈርሱትም። በደሉ በርቀቱ አይደለም፤ ለማወቅ ባለመፈለጉ ነው። በቅርብ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሥራው የደረሰበትን ቦታ ሳይደክም ያየዋል፤ አይቶ ቢጨክን ፍርዱ በራሱ ላይ ነው። በሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰው ግን ይህ ማየት አልተሰጠውም። ስለዚህ ቅርቡ ሰው በነፃ የሚያገኘውን ዕውቀት ሩቁ ሰው ጠይቆ፣ ደክሞ፣ መልእክተኛም ልኮ የማግኘት ዕዳ አለበት። አላየሁም ማለት ለአነጣጣሪው ምክንያት ሊሆነው ይችላል፤ አልጠየቅሁም ማለት ግን ለማንም ምክንያት አይሆንም። ሥልጣኑ ከፍ ባለ መጠንም ዕዳው ይከብዳል፤ ለመጠየቅ የሚችለው እርሱ ነውና።

የዓለም ፍርድ ቤትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1994 በተከበበችው የሳራዬቮ ከተማ ማርካሌ በሚባለው ገበያ ላይ አንድ የሞርታር ቦምብ ወድቆ 68 ሰዎችን ገደለ፤ ከ140 በላይ አቈሰለ። ቦምቡ የትንሹ ሞርታር ታላቅ ወንድም የሆነው የባለ 120 ሚሊ ሜትሩ ነበር፤ ያሠራሩ ጠባይ ግን አንድ ነው። ከሰማይ የወረደ ስለ ሆነ ማን እንደ ተኰሰው ብዙ ዓመት አከራከረ። ስለ ቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ግን ምስክርና ማስረጃ መርምሮ፣ ቦምቡ ከተማዋን ከከበበው ከቦስኒያ ሰርቦች ጦር ወገን እንደ ተተኰሰ ወሰነ። በሳራዬቮ ዙሪያ የተሰለፈው የዚያ ጦር ክፍል አዛዥ የነበረው ጄኔራል ስታኒስላቭ ጋሊች በ2003 ሲቪሎችን በማስደብደብ ጥፋተኛ ሆኖ 20 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2006ም በይግባኝ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ከፍ ተደረገበት። ይህ ሰው ቦምቡን በእጁ የለቀቀ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ግን የእጅን ነገር ብቻ አልጠየቀም፤ ማወቅና ማስቆም የሚችለው ማን ነበር? ብሎ ጠየቀ። እሾኹም አጣሪውን አገኘው።

ይህ ሁሉ ስለ ወታደር የተነገረ ብቻ ከመሰለን ግን ነገሩን በሩቅ ትተነዋል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች የያዝነው ሥራ ከሞርታር ጓዶች ሥራ ጋር በአከፋፈሉ እጅግ ይመሳሰላል። አንዱ መዝገቡን ያወጣል፤ ሁለተኛው ረቂቁን ይጽፋል፤ ሦስተኛው በማሽን ይመታል፤ አራተኛው ይፈርማል፤ አምስተኛው ቍጥርና ቀን ሰጥቶ ማኅተም ያደርግበታል። ደብዳቤውም ከጠረጴዛችን ተነሥቶ ኰረብታ ተሻግሮ ይወርዳል። የወረደበትን አናይም። ባልዋ የሞተባት ሴት የጡረታዋ ወረቀት አንድ ፊርማ ጐድሎታል ተብሎ ሲመለስባት፣ ለእኛ የተመለሰው ቍጥር ያለው መዝገብ ነው፤ ለእርስዋ ግን የተመለሰው የልጆቿ የዓመት ቀለብ ነው። እኛ ያነጣጠርነው ከፊታችን በተተከለችው እንጨት፣ ማለት በመዝገቡ ቍጥር ላይ ነው። ፊርማም እንደ ስቶክስ ቱቦ ምላጭ የለውም፤ መልቀቅ ብቻ ይበቃል።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን ያስገደለው በገዛ ሰይፉ አይደለም፤ በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውንም ያሸከመው ኦርዮንን ራሱን ነበር። ንጉሡ በቤተ መንግሥቱ እንደ ተቀመጠ የኦርዮ ሞት በጦር ሜዳ የሚደርስ ተራ ወሬ ሆኖ መጣለት። ነቢዩ ናታን የድሀውን ሰው በግ ታሪክ በነገረው ጊዜ ግን በዐይኑ ያላየው ነገር በልቡ ታየው፤ ተቈጥቶ የፈረደበት ሰው እርሱ ራሱ መሆኑንም ዐወቀ። ናታን ለንጉሡ ያደረገለት፣ ከኰረብታው ጫፍ ሆኖ የሚያይ ተመልካች ለአነጣጣሪው የሚያደርግለትን ነው።

መፍትሔውም ከመሣሪያው ሳንርቅ ይገኛል። ሞርታርን የሚያውቁ ሰዎች እጅ ከዐይን ከተለየ ከንቱ እንደሚሆን ከሁሉ አስቀድመው ተረድተዋል። ስለዚህ ዐይኑን በኰረብታው ጫፍ አስቀምጠው በመካከሉ የስልክ ሽቦ ዘረጉ። አንድ ጥይት ተኵሰው ዝም አይሉም፤ የት ወደቀ? ብለው ይጠይቃሉ። ተመልካቹም ረዘመ ወይም አጠረ እያለ ያቃናቸዋል፤ የማይገባ ነገር ባየ ጊዜም ተኵስ አቁም የማለት ሥልጣን አለው። ሰውን ለመምታት ይህን ያህል ትጋት ከተደረገ፣ ሰውን ላለመበደልማ ምን ያህል ሊደረግ ይገባ ነበር?

እንግዲህ ኀላፊነት ያለበት ሰው ሁሉ፣ መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ በኰረብታው ጫፍ ተመልካች ማስቀመጥ አለበት። የባለ ጉዳይን አቤቱታ እንደ ሁከት ሳይሆን የት እንደ ወደቀ የሚነግር ድምፅ አድርጎ መስማት፣ የጻፉት ደብዳቤ ምን እንዳደረሰ ከጥቂት ቀን በኋላ መጠየቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ከጠረጴዛ ተነሥቶ ሄዶ ማየት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሥራችን ለአምስት ሰዎች መከፋፈሉ አይቀርም፤ በሩቅም መሥራታችን አይቀርም። የት ወደቀ? ብሎ መጠየቅ ግን ለማንም ሊተላለፍ የማይችል የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።